ዘሩ ከየትም ይምጣ፣ አፈሩ የማን ነው?

«ሬጌ እኮ የኛ ነው» የምትል አባባል አለች። ታክሲ ውስጥ ትሰማላችሁ፣ ኮንሰርት ላይ የመድረክ መሪው ይጮህባታል፣ ቲክቶክ ላይ ከአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጋር ትዞራለች። ክርክሯ አጭር ነው፦ ራስ ተፈሪ የኛ፣ ባንዲራው የኛ፣ ሻሸመኔ የኛ፣ ስለዚህ ዘፈኑም የኛ። አለቀ። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም እንዲሠራ አይጠበቅም። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ተቀምጦ ኪራይ ይጠብቃል።

እኔ የቦንጋ ልጅ ነኝ፤ «የኛ ነው» ስለሚባል ነገር ትንሽ አውቃለሁ። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ማንኪራ የሚባል ጫካ አለ። የካፋ ሰው የቡና መገኛ ብሎ የሚጠራው እሱን ነው። ቦንጋ ውስጥ የቡና ሙዚየም ተሠርቶልናል፣ ደናችን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቦልናል። «የኛ ነው» የሚለውን ከእናት ጡት ጋር የጠባን ሰዎች ነን ማለት ይቻላል። ከዚያ ኑሮ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ «የኛ ነው» ማለት ብቻውን አንድ ጀበና አያፈላም።

ይህን የምጽፈው እዚህ ሀገር ራጋና ዳንስሆል ለሚሠሩ ልጆች ነው። የሰው አፍ ተውሶ መዝፈን ይብቃ። በራሳችሁ አፍ ዝፈኑ፣ ስለ ራሳችሁ ሰፈር ዝፈኑ፣ የራሳችሁንም ጉድ ዝፈኑ። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ቡናው ጃማይካ ሲገባ

እስኪ ከምናውቀው ከቡናው እንነሳ። አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ዛፍ ነው። በዚህ ላይ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አይጣሉም፤ የምንጣላው እኛው ነን። የካፋ ሰው ማንኪራ ይላል፣ የጅማ ሰው ጮጬ ይላል፣ ሁለቱም ሲኒውን አስቀምጦ ይማማላል። እኛ ስንማማል ቡናው ቆሞ አልጠበቀም። ድሮ የመን ተሻግሯል። ከየመን በኔዘርላንዶች እጅ ጃቫ ደረሰ፣ ከዚያ አምስተርዳም፣ ከዚያ በፈረንሳዮች በኩል ወደ ካሪቢያን ደሴቶች። እ.ኤ.አ. በ1728 የጃማይካ የቀድሞ ገዥ ሰር ኒኮላስ ላውስ ቡና አስመጥቶ እዚያች ደሴት ላይ ተከለ።

ከአፍሪካ በግድ ተጭነው የሄዱ ባሪያዎች በጉልበታቸው ያለሙት ያ ቡና ዛሬ «ብሉ ማውንቴን» ይባላል። ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ነው፤ እንደሌላው ቡና በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ነው የሚላከው። በርሜሉ ላይ ማንኪራ የሚል ጽሑፍ የለም፣ ጮጬ የሚልም የለም። እና «ጃማይካ የኢትዮጵያን ቡና ኮረጀች» ብሎ የሚከስ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ለምን ቢባል ዘሩ ከሌላ ቢመጣም አፈሩን፣ ጭጋጉን፣ ከፍታውን እና ላቡን የሰጡት እነሱ ናቸው። ጣዕሙ የዚያ ተራራ ነው። ስሙም የዚያ ተራራ ሆነ።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ቡናችን ወደነሱ ሄደ፣ ዘፈናቸው ወደኛ መጣ። እነሱ ቡናውን በራሳቸው አፈር ተክለው የራሳቸውን ጣዕም አወጡበት። እኛ ደግሞ ዘፈኑን ከነሽፋኑ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን «የኛ ነው» እንላለን። የቱ ነው ባለቤትነት?

ሠርግ ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ ሙሽራ አይደለም

ታሪኩን ማናናቅ አልፈልግም፤ ትልቅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች ሻሸመኔ አጠገብ 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የአውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ ራስታዎች ያንን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። በፌብሩዋሪ 2005 የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ።

ግን እዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ ምንድን ነን? ስም ነን። መሬት ነን። አደባባይ ነን። ዘፈኑን የሠሩት የኪንግስተን ድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ ስለ ራሳቸው ረሃብ፣ ስለ ራሳቸው ፖሊስ። በዚያ ሁሉ መሃል ኢትዮጵያን ተስፋ አድርገው ጠሯት፤ ክብር ነው፣ እናመሰግናለን። ሠርግ ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ ግን ሙሽራ አይሆንም።

የሠሩ ልጆች አሉን፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እዮብ መኮንንን ስሙት። ጅጅጋ የተወለደ ልጅ ነው። «እንደ ቃል» የሚለው አልበሙ ውስጥ የጃማይካ ሰው ለመምሰል የሚንጠራራ ድምፅ የለም። በረጋ አማርኛ፣ ሰው ለወዳጁ እንደሚያወራ ነው የዘፈነው። ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ሕክምና ላይ እያለ ሲያርፍ ሀገር ያለቀሰው ሬጌ ስለዘፈነ ብቻ አይመስለኝም። ሬጌ ውስጥ ራሱን ስላገኘነው ነው። ኃይሌ ሩትስ ደግሞ ችክችካን ከሬጌ አዳቅሎ «ቺጌ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ራሱ ሥራ ነው፦ ሁለት ምት ገበታ ላይ ቀርበው አንዱ ሌላውን ሳይውጠው። ጆኒ ራጋም ራጋን የስሙ ቅጥያ አድርጎ ወጥቶ በአማርኛ ሲያፈጥነው የአዲስ አበባ ልጅ የገዛ ቋንቋው እንዲህ መሮጥ እንደሚችል ሰማ።

እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል። ጥያቄዬ ከነሱ ኋላ የመጣው ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል ነው። ስልክህን ክፈት። ሀዋሳ፣ ጅማ፣ ቦንጋ፣ መርካቶ፣ ስንት ጎበዝ ልጅ አለ! ቢቱ ንጹህ፣ ድምፁ ሸካራ፣ ትንፋሹ ረጅም። አፉን ሲከፍት ግን ያው ነው፦ «ያ ማን»፣ «ዋ ግዋን»፣ «ፋየር ፓን ባቢሎን»። ሰባት ደቂቃ ያህል ሰምተኸው ከየት ሰፈር እንደሆነ አታውቅም። እናቱ ብትሰማው ልጇ መሆኑን አታውቅም።

ሪዲም ይጋራል፣ አፍ አይጋራም

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ራጋ ራሱ ምን እንደሆነ ካየን ተውሶ መዝፈኑ የጥበቡን አጥንት እንደሚሰብር ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ኪንግስተን ውስጥ ዌይን ስሚዝ የተባለ ወጣት ዘፋኝና ኪንግ ጃሚ የተባለ ፕሮዲውሰር በአንዲት ርካሽ የካሲዮ ኪቦርድ ውስጥ ተቀድቶ ከነበረ ምት ላይ ተነስተው «ስሌንግ ቴንግ» የተባለውን ሪዲም አወጡ። ባንድ የለ፣ ከበሮ የለ፣ የቤዝ ጊታር የለ። የድሃ ልጅ ባንድ ሳይከራይ ዘፋኝ የሚሆንበት በር ተከፈተ። «ራጋ» የሚለው ስም «ራጋማፊን» ከሚለው ቃል ያጠረ ነው፤ በኛ «ቡትቷም» እንደማለት ነው። ቡትቷም ተብሎ የተሰደበው ልጅ ስድቡን ልብስ አድርጎ ለበሰው።

ሁለተኛው ነገር፦ በዚህ ሙዚቃ አንድ ሪዲም ላይ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ሰው ይዘፍናል። ማንም «ሰረቅከኝ» አይልም። ሙዚቃው የጋራ ጓሮ ነው። ታዲያ አንዱን ከሌላው ምን ይለየዋል? አፉ ብቻ። ጃማይካዎች በሪዲም ላይ የሚያወራውን ሰው «ዲጄ» ነው የሚሉት፤ ዘፈን የሚያጫውተውን ሳይሆን የሚናገረውን። ወሬ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ሰፈሩ ውስጥ ትናንት ማታ የሆነውን ይናገራል። ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ የተቀመጠውን ሰው ዓይኑን እያየ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዜማው የታወቀ ነው፣ አዲሱ ነገር ቃሉ ነው።

ስለዚህ ሪዲም ይጋራል፣ አፍ ግን አይጋራም። ሁለቱንም ከተዋስክ ምን ያንተ ቀረ?

ለንደኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ስማይሊ ካልቸር የተባለ የደቡብ ለንደን ልጅ «ኮክኒ ትራንስሌሽን» የሚል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ መዝገበ ቃላት ነው፤ የለንደን ነጭ ሠራተኛ የሚለውንና የጃማይካ ልጅ የሚለውን ጎን ለጎን እያስቀመጠ ይተረጉማል። ጃማይካዊ መስሎ ለመታየት አልደከመም። «እኔ በሁለቱ መሃል የቆምኩ ነኝ» አለ፤ ሀቁም ያው ነበር። በዚያው ዓመት ፓፓ ሊቫይ የተባለ ሌላ የለንደን ልጅ በፍጥነት የሚያወራበትን የነሱን ስልት ይዞ ጃማይካ ራሷ ላይ አንደኛ ወጣ። ቅጂ ቢሆን ኖሮ ጃማይካ ምን ትሠራበታለች? የራሷ ዋናው አላት።

በያጁ ከሃንድስዎርዝ

ለኛ ግን ከሁሉም የሚቀርበው የበርሚንግሃሙ ልጅ ነው። ስቲቨን ካፑር ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው «አፓቺ ኢንዲያን» በሚለው ስሙ ነው። ወላጆቹ ከሕንድ፣ ከፑንጃብ የመጡ ናቸው። ያደገው ሃንድስዎርዝ ነው፤ ሕንዱና ጃማይካው በአንድ ግድግዳ የሚኖርበት፣ ስቲል ፐልስ የተባለው የሬጌ ባንድም የወጣበት ሰፈር። በሙያው ብረት በያጅ ነበር። የመድረክ ስሙን የወሰደው «ዋይልድ አፓቺ» ከሚባለው ሱፐር ካት ነው፤ ሱፐር ካት ደግሞ የሕንድ ደም ያለበት ጃማይካዊ ነው።

ይህ ልጅ ሁለት ቀላል መንገድ ነበረው። አንደኛው፦ ጎረቤቶቹ እንደሚናገሩት በጃማይካ ፓትዋ ብቻ መዝፈንና ከመቶዎቹ አንዱ መሆን። ሁለተኛው፦ የአባቱን ባንግራ ይዞ በሠርግ ቤት መቅረት። ሁለቱንም አልመረጠም። እ.ኤ.አ. በ1990 «ሙቪ ኦቨር ኢንዲያ» ይዞ ብቅ ሲል ሪዲሙ የኪንግስተን፣ ጉዳዩ የእናቱ ቤት ነበር። ፑንጃቢ ቃላት ከፓትዋ ጋር ተጋፍተው ይገባሉ፤ ትርጉም አይጠይቁም፣ ይቅርታም አይጠይቁም። ለስልቱ «ባንግራማፊን» የሚል ስም ወጣለት። ከኛው «ቺጌ» ጋር ወንድማማች ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 «ኖ ሪዘርቬሽንስ» የተባለው አልበሙ ወጣ፤ ከፊሉ ኪንግስተን ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ለብሪታንያው የመርኩሪ ሽልማትም ታጨ። ከዘፈኖቹ አንዱ «አሬንጅድ ማሪጅ» ይባላል፤ ቤተሰብ ስለሚመርጠው ጋብቻ። እስኪ አስቡት፣ የዳንስሆል መድረክ ላይ ወጥቶ «ሽማግሌ ሊላክልኝ ነው» ማለት! ፋራ ነገር ነው አይደል? በብሪታንያ ሰንጠረዥ 16ኛ ገባ። በዚያው ዓመት «ቡም ሻክ ኤ ላክ» 5ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ በኋላም የሆሊውድ ፊልም ገባ። እናንተም ዘፋኙን ሳታውቁት ሳትሰሙት አትቀሩም።

ከዚያስ? የንግዱ ዓለም እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። በ1995 የወጣው ሁለተኛው አልበም የመጀመሪያውን ያህል አልሄደም፣ ከትልቁ አሳታሚም ተለያዩ። ግን ልጁ አልጠፋም። እስከ ዛሬ ይሠራል፣ በበርሚንግሃምም ወጣቶች ሙዚቃ የሚማሩበት ማሠልጠኛ አቋቁሟል። ኮራጅ ሲወድቅ የሚመለስበት ቤት የለውም። እሱ ቤቱን ይዞ ስለወጣ መመለሻ አላጣም።

«ማን ይሰማዋል?»

አሁን መልሱን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «እሱ እንግሊዝ ሀገር ነው፣ ገበያ አለው። እዚህ በካፊኖኖ ራጋ ብትሠራ ማን ይሰማሃል?»

አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ተባለ። ቢቱን በስልኩ ሠርቶ፣ በካፊኖኖ ስለ ማር ገበያና ስለ ደላላ ግጥም ጽፎ፣ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ገባ። ሰውየው እስከ መጨረሻው እንኳን አልሰማውም። «አሪፍ ፍሎው አለህ፤ ግን ወይ በአማርኛ አድርገው ወይ በጃማይካ» አለው። ልብ በሉ፤ «በጃማይካ»! እዚህ ሀገር ውስጥ በሚነገር ቋንቋ መዝፈን «ማን ይሰማዋል» ያስብላል፤ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በማይናገረው የደሴት ቋንቋ መዝፈን ግን ገበያ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ስቱዲዮው ግን የራሱ አንቀጽ አለው።

ለዚህ ክርክር ሦስት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ አፓቺ ኢንዲያንን የሰሙት እንግሊዞች ፑንጃቢ አይሰሙም ነበር። እኛም እኮ ፓትዋ አንሰማም! የጃማይካ ዘፈን ስንሰማ ከቃሉ ግማሹን እንኳን የማንይዝ ሰዎች ነን። ሰው የማይገባውን ቋንቋ በሙዚቃ ውስጥ ይሰማል፤ የማይሰማው የማይታመንን ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው ራሱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በካፊኖኖ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል፤ ተነባቢም ሲጠብቅና ሲላላ እንዲሁ። ዲጄ የሚኖረው በዚህ ነው፤ የት ይዘህ ትቆያለህ፣ የት ትመታለህ። «ኖኖ» ማለት አፍ ማለት ነው። የቋንቋችን ስም ራሱ «የካፋ አፍ» ሆኖ ሳለ አፍ ፍለጋ ኪንግስተን የምንሄደው ለምንድን ነው? ወላይትኛም፣ አፋርኛም፣ ጉራጊኛም፣ የጎንደር አማርኛም እንዲሁ የራሱ ምት አለው። «አማርኛ ተዉ» አይደለም የምለው። የጎጃም ልጅ በጎጃም አማርኛ ይራግ፣ የመርካቶ ልጅ በመርካቶ አራድኛ ይራግ። የሚሰለቸው ከየትም ያልሆነው ድምፅ ነው።

ሦስተኛ፣ «ፓትዋ መጠቀም ለራስታ ወንድሞቻችን ክብር ነው» ለምትሉ፦ ክብር እንደሱ አይደለም። የሻሸመኔ ራስታዎች ፓትዋ የሚናገሩት ቋንቋቸው ስለሆነ ነው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከመርከብና ከሸንኮራ እርሻ ውስጥ ያወጡት ቋንቋ ነው። ያንን እንደ ኮፍያ ማድረግና ማውለቅ ክብር ይባላል? አፓቺ ኢንዲያንም ፓትዋ ይናገር ነበር፣ እውነት ነው። ግን የተማረው ከጎረቤቱ ነው፤ ግድግዳውን፣ ጎዳናውንና ሥራ አጥነቱን አብሮ ተካፍሎ። እሱ ያደገበትን ነው የዘፈነው። አንተስ ያደግክበት የቱ ነው?

ሲኒው ለማን ይሰጣል?

ከባዱ ይህ ነው ያልኩት ጋ ደረስን።

«ቡም ሻክ ኤ ላክ» የወጣበትን ያንን ሥራ ዓለም የሚያስታውሰው በጭፈራው ነው። እዚያው ላይ ግን «ካስት ሲስተም» የሚል ሌላ ዘፈን አለ፤ የሕንዶችን የዘር ደረጃ ስም ጠርቶ የሚነሳ። አልበሙ ውስጥም «ድሪንክ ፕሮብሌምስ» የሚል አለ፤ የመጠጥ ችግርን የሚያነሳ። ነጭ ላይ መጮህ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ያጨበጭባል። እሱ ግን ማይኩን ወደ ገዛ ቤቱ አዞረው። ለኔ የዚህ ሰው ትልቁ ነገር 5ኛ መውጣቱ ሳይሆን ይህ ነው። የራስ ቋንቋ የሚፈለገው ለጌጥ አይደለም፤ ለቤት ውስጥ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። አጎትህን በማያውቀው ቋንቋ ብትወቅሰው አይሰማህም።

እሺ፣ የኛ ዘፋኝ «ባቢሎን ይቃጠል» ይላል። ባቢሎን የት ነው ያለው? ኪንግስተን? ለንደን? ራስታዎች ባቢሎን ያሉት የሚረግጣቸውን ሥርዓት ነው፤ አድራሻውን ያውቁት ነበር። እኔም የኛን አድራሻ ልንገራችሁ።

ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ቋንቋቸው ያው ካፊኖኖ ነው፣ ጫካቸው ያው ጫካ ነው። ድሮ በአደን ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ከሰልና ማገዶ ተሸክመው ገበያ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። ለትውልዶች ከነሱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ፣ እነሱን ቤት ማስገባት፣ ከነሱ ጋር መጋባት እንደ ነውር ተቆጥሮ ኖሯል። በሕግ ቀርቷል፤ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። በኑሮ ግን አላለቀም። ቡና የተገኘበት ምድር ነን እያልን ለእንግዳ ሁሉ እንናገራለን፤ ፈረንጅ ሲመጣ ጀበና ይወጣል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ፎቶ ይነሳል። ያንን ቡና ያፈላንበትን ማገዶ ተሸክሞ ያመጣው ማንጆ ግን ሲኒው ስንት ቤት ይሰጠዋል? ባቢሎን እዚያ ሲኒ ውስጥ ነው።

የሌላ አካባቢ አንባቢ ሆይ፣ አትዝናና። ያንተ ሰፈር ሸክላ ሠሪዋን ምን ይላታል? ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ምን ብሎ ሰድቦ ኖሯል? «ቡዳ» የሚለውን ስም ማን ለማን አወጣ? በእጁ የሚሠራን ሰው የሚንቅ ባህል ከሰሜን እስከ ደቡብ አለን፤ ስለሱ የተሠራ አንድ የራጋ ዘፈን ጥሩልኝ። ቡትቷም የተባሉ ልጆች የፈጠሩትን ሙዚቃ ይዘን፣ ቤታችን ውስጥ ቡትቷም ስለምንላቸው ዝም!

አንድ ቀን ከማንጆ ሰፈር የወጣ ልጅ፣ ወይም ልጅት፣ ማይክ ይዞ በካፊኖኖ በራጋ ምት «ሲኒዬ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ቦንጋ ትንቀጠቀጣለች። ትርጉም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ ይገባዋል፣ እያንዳንዷ ባልቴት ይገባታል። ይህንን በፓትዋ ብትለው ማንንም አይነካም፤ ሁሉም ይጨፍርበታል። የተውሶ አፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዝም እንድትል ለሚፈልግህ ሰው ነው።

እንግዲህ

ለዘፋኞቹ፦ ሪዲሙን ውሰዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ጃማይካዎች ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ግን ስትከፍቱ የሰፈራችሁን ስም፣ የገበያችሁን ቀን፣ የእናታችሁን ቁጣ አስገቡ። አሥር ሰው ብቻ ይስማችሁ። አሥሩ ግን «ይሄ እኮ የኛ ልጅ ነው» ይበሉ።

ለስቱዲዮና ለሬዲዮ ሰዎች፦ «ማን ይሰማዋል» ከማለታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ስሙት። ሦስት ደቂቃ ነው።

ለአድማጩ፦ ቦንጋ የመጣ እንግዳ ማንኪራ እንዲወሰድ ይፈልጋል፣ እናቲቱን የቡና ዛፍ ማየት ይፈልጋል። ደግ ነገር ነው፤ ኑ፣ እናሳያችኋለን። ዛፏ ግን ቅጂ አላወጣችም። የወለደቻቸው ሁሉ በሄዱበት ምድር ሌላ ጣዕም ሆኑ፤ የመን ሌላ፣ ጃቫ ሌላ፣ ጃማይካ ሌላ። ከጃማይካ የመጣልንን ዘር ግን እስካሁን ከከረጢቱ አላወጣነውም። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ካፋ ላይ ቀድሞ ይጀምራል።